ከሐዋሳ ባንኮክ በአንድ ትኬት፦ ጉዞው የሚበላሸው በሁለቱ ጫፍ ነው

ከሐዋሳ ተነስቶ ባንኮክ የሚሄድ ሰው ሦስት መንገድ ይጓዛል። አንደኛው ከሐዋሳ ቦሌ፣ ሁለተኛው ከቦሌ ባንኮክ፣ ሦስተኛው ደግሞ ባንኮክ ከወረደ በኋላ እስከ ሆስፒታሉ፣ እስከ ገበያው ወይም እስከ ሌላ የታይላንድ ከተማ ያለው ነው። ረጅሙ መካከለኛው ነው፤ 6,700 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 9 ሰዓት የሚጠጋ በረራ። ተጓዥ የሚጉላላው ግን እዚያ ላይ አይደለም። ገንዘብና ጊዜ የሚባክነው ከሐዋሳ አዲስ አበባ ባለው 275 ኪሎ ሜትርና ባንኮክ ውስጥ ሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች በሚለያየው 40 ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

እዚህ የምንመዝነው የኢትዮጵያ አየር መንገድን የሐዋሳ–አዲስ አበባ–ባንኮክ ጉዞ በአንድ ትኬት ሲገዛ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለታካሚ፣ ለነጋዴና ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ በአንድ ትኬት እስከተገዛና ባንኮክ የሚያርፉበት ማረፊያ እስከታወቀ ድረስ። ትኬቱ ተቆራርጦ ሲገዛ ግን ርካሽ የመሰለው በጣም ውድ ይሆናል። ምክንያቱን በዝርዝር እናያለን። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት፣ ከእነሱ ጋር የተጠቀሱት ወራትና ቀናትም፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐዋሳ ቦሌ

የሐዋሳው በረራ ባለ ፕሮፔለር በሆነው ኪው400 የሚሠራ ሲሆን አየር ላይ የሚቆየው ከ1 ሰዓት በታች ነው። በመኪና የሚሄድ ሻሸመኔን፣ አርሲ ነገሌን፣ ባቱንና መቂን አልፎ ሞጆ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የፍጥነት መንገድ ይገባል። ከባቱ እስከ ሞጆ የተሠራው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አሳጥሮታል። ሆኖም የሻሸመኔ መሀል መጨናነቅና የአዲስ አበባ መግቢያ ወረፋ አስቀድሞ የሚገመት አይደለም። 5 ሰዓት የሚበቃበት ቀን አለ፤ 7 ሰዓት የማይበቃበትም አለ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ትኬቱ ነው። ከሐዋሳ እስከ ባንኮክ በአንድ ትኬት የተመዘገበ ተጓዥ ሻንጣውን ሐዋሳ አስረክቦ ባንኮክ ይረከባል። የሐዋሳው በረራ በአየር ጠባይ ቢዘገይና የባንኮኩ ቢያመልጠው በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ግዴታ ይሆናል። ሁለት ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች የያዘ ሰው ይህ ሁሉ የለውም፤ ሻንጣውን ቦሌ ወስዶ እንደገና ያስረክባል፣ ቢዘገይም የባንኮኩ ትኬት «ያልተገኘ መንገደኛ» ተብሎ ይዘጋበታል። የኪሎ ነገርም አለ። የሀገር ውስጥ ትኬት ለብቻው የሚፈቅደው ክብደት ከዓለም አቀፉ ያነሰ ነው። ትኬቱ አንድ ከሆነ ግን የዓለም አቀፉ ፈቃድ ከሐዋሳ ጀምሮ ይሠራል። በኢኮኖሚ ክፍል ብዙ ጊዜ 2 ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ ይህ እንደ ትኬቱ ዓይነት ስለሚለያይ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው።

ሐዋሳ ካውንተር ላይ ሻንጣው ሲመዘን ከእጀታው ጋር የሚጣበቀውን ወረቀት ዓይታችሁ አረጋግጡ። በትልልቁ የታተመው ሦስት ፊደል «ቢኬኬ» መሆን አለበት፤ በረራው የሚያርፍበት የባንኮክ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው። የቦሌ መለያ ብቻ ከሆነ ሻንጣው ቦሌ ይቀራል። ከወረቀቱ የሚቆረጠውን ቁራጭ እስክትመለሱ አትጣሉት፤ ሻንጣ ቢጠፋ የሚፈለገው በእሱ ቁጥር ነው።

አንድ ስህተት በተለይ ልብ ይሰብራል። ተጓዡ ትኬቱን ከሐዋሳ ይገዛል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹን ለመሰናበት ሁለት ቀን ቀድሞ በመኪና ይሄዳል፣ «የሐዋሳውን በረራ ተውኩት» ብሎ ቦሌ ይቀርባል። የመጀመሪያው በረራ ያልተበረረበት ትኬት ግን ቀሪው ሁሉ ይሰረዛል፤ ሲስተሙ የሚያውቀው ሐዋሳ ላይ እንዳልተሳፈረ ብቻ ነው። በመኪና መሄድ የሚፈልግ ትኬቱን ከአዲስ አበባ ይግዛ፣ ወይም ከመነሻው ቀን በፊት ትኬት ቢሮ ሄዶ ያስተካክል።

ሰዓቱና ቀኑ

የባንኮክ በረራ ብዙ ጊዜ ከቦሌ የሚነሳው በእኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። የእኛ ሰው በረራ የሚያመልጠው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ትኬቱ «15ኛው ቀን፣ 00:10» ካለ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ነው። እኛ ቀንን የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ ያቺን ሌሊት የ14ኛው ቀን ሌሊት እንላታለን። ትኬቱ ግን 15 ይላል። «15» የሚለውን ብቻ አንብቦ በ15ኛው ቀን ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ወደ 20 ሰዓት ሆኖታል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሰዓቱ በ00 ወይም በ01 ከጀመረ፣ ከቤት የምትወጡት ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን አንድ ቀን ቀድማችሁ ነው። የሐዋሳውም በረራ የሚያዘው በዚያው በቀደመው ቀን ነው። ወኪሉ ሲያስመዘግብ የሁለቱን በረራዎች ቀን ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። በሐዋሳው መድረሻና በባንኮኩ መነሻ መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር። በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ 5 ሰዓት ብታደርጉት ይሻላል፤ ክረምት ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ለአየር ጠባይ የሚቆሙበት ጊዜ ይበዛል።

ታይላንድ ከእኛ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። እኩለ ሌሊት ላይ የተነሳ በረራ ባንኮክ የሚደርሰው በእነሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሐዋሳ ያን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የዓመቱም ነገር ያስገርማል። እኛ ከፈረንጆች በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ስንሆን ታይላንዶች በ543 ዓመት ወደ ፊት ናቸው፤ 2025 እነሱ ዘንድ 2568 ነው። የመድኃኒት ማብቂያ ወይም የሆስፒታል ደረሰኝ ላይ 2568 ያየ ሰው አይደንግጥ።

መካከለኛው በረራ

በዚህ መስመር የሚመደቡት ብዙ ጊዜ ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 ናቸው። አየር መንገዱ 787ን በ2012፣ ኤ350ን ደግሞ በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባ ነው። በሁለቱም የኢኮኖሚው ክፍል አቀማመጥ 3-3-3 ነው። መካከለኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ታካሚ በሌሊት ሰው እየቀሰቀሰ መውጣት ስለሚኖርበት የመተላለፊያውን ዳር ወንበር ትኬቱ ሲገዛ አስይዙ፤ ካውንተር ላይ ሲጠየቅ አልቆ ይገኛል።

የእነዚህ አውሮፕላኖች ትልቁ ጥቅም የውስጥ አየር ግፊታቸው ነው። በድሮዎቹ ጄቶች ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን አየር ያህል ይሳሳል። በ787ና በኤ350 ግን 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ሐዋሳ ራሷ 1,700 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ የሐዋሳ ሰው በዚህ አውሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሰው የከተማውን ያህል አየር ነው፤ ቦሌ ላይ ከሚተነፍሰውም ይሻላል፣ ቦሌ 2,334 ሜትር ነውና። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲያም ሆኖ ሐኪሙ ኦክስጅን ያስፈልገዋል ካለ፣ ወይም ዊልቸር ከተፈለገ፣ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ መነገር አለበት። ዊልቸሩ ለቦሌ ብቻ ሳይሆን ለባንኮክም መመዝገቡን አረጋግጡ። ከሁለቱ ይልቅ የሚያስፈልገው ባንኮክ ነው።

ኢንሱሊንና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት በእጅ ሻንጣ፣ ከነማሸጊያውና በእንግሊዝኛ ከተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ጋር ይያዝ። የሚጾም ሰው የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ያስመዝግብ፤ ወኪሉ በሲስተሙ የሚያስገባው «ቪጂኤምኤል» የሚለውን መለያ ነው። ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በእጅ ብቻ፣ ከ100 ዋት-ሰዓት ያልበለጠ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በላዩ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር-ሰዓት በ3.7 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል። 20,000 የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል፤ 30,000 የሚለው 111 ስለሚሆን ያለ ልዩ ፈቃድ አያልፍም።

ባንኮክ ለምን ሁለት ማረፊያ ኖራት?

ይህን ማወቅ ለወሬ ብቻ አይደለም፤ ቀጣዩን ትኬት የሚወስነው ይኸው ነው። ታይላንድ በ1960 የተቀበለችው የውጭ ጎብኚ 81,000 ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ታይ ኤርዌይስ ኢንተርናሽናል ከስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ ጋር በሽርክና ተመሠረተ፤ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲደብሊውኤ ጋር እንደጀመረው ማለት ነው። በ1987 «ታይላንድን ይጎብኙ» የሚል ዘመቻ ሲካሄድ ጎብኚው ወደ 3.5 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በሐምሌ 1997 የታይላንድ ገንዘብ ባት ተንቦ ሲረክስ ሀገሪቱ ለውጭ ሰው ርካሽ ሆነች። የግል ሆስፒታሎቿም ሀብታም ደንበኞቻቸው ሲመናመኑ ፊታቸውን ወደ ውጭ ታካሚ አዞሩ፤ ዛሬ ከሲዳማም ከአርሲም ታካሚ የሚሄድበት በር ያን ጊዜ ነው የተከፈተው። በ2001 ቁጥሩ 10 ሚሊዮን አለፈ፤ በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን ተጠጋ፣ ከእነዚህም 11 ሚሊዮን ያህሉ ቻይናውያን ነበሩ። በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወረደ፤ በ2024 ተመልሶ 35.5 ሚሊዮን ሆነ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላው ግማሽ፣ ታይላንዳውያኑ ራሳቸው ወደ ውጭ መብረር መጀመራቸው ነው። ጃፓን በሐምሌ 2013 ለታይላንዳውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ አነሳች። በ2012 ጃፓን የገቡት ታይላንዳውያን 260,000 ያህል ነበሩ፤ በ2019 ግን 1.3 ሚሊዮን አለፉ። አንድ መስመር የሚጸናው አውሮፕላኑ ሲሄድም ሲመለስም ሲሞላ ነው፤ የባንኮክ መስመሮች የጸኑት በዚህ ነው። የእኛው የአዲስ አበባ–ባንኮክ መስመርም በሐዋሳና በአዲስ አበባ ሰው ብቻ የሚሞላ አይደለም፤ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ቦሌ ላይ የሚቀያይር ነጋዴ ከጎናችሁ ይቀመጣል። ወንበር ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

ዕድገቱ ሕንፃውን ቀደመው። ሱቫርናቡሚ በመስከረም 2006 ሲከፈት የታሰበው በዓመት ለ45 ሚሊዮን መንገደኛ ነበር፤ በ2019 ከ65 ሚሊዮን በላይ አስተናገደ። አሮጌው ዶን ሙዋንግ ይዘጋ ተብሎ የነበረው ገና በዓመቱ፣ በመጋቢት 2007 ለሀገር ውስጥ በረራ ተመልሶ ተከፈተ፤ በ2012 ደግሞ ኤርኤዥያ ጠቅልሎ ገባበትና የርካሽ አየር መንገዶች ማዕከል ሆነ። በ2019 ዶን ሙዋንግ ብቻውን 41 ሚሊዮን ያህል ሰው አስተናግዷል። የበረራ ደኅንነት ቁጥጥሩም ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በሰኔ 2015 በታይላንድ ላይ ቀይ ምልክት አስቀመጠ፣ ያነሳውም በጥቅምት 2017 ነው። ሱቫርናቡሚ ላይ በ2023 ተጨማሪ የሳተላይት ተርሚናል፣ በኅዳር 2024 ሦስተኛ ማኮብኮቢያ ተከፍቶ አሁን እፎይ ያለ ይመስላል። ሁለቱ ማረፊያዎች ግን ሁለት ሆነው ቀርተዋል፤ አንዱ በምሥራቅ፣ ሌላው በሰሜን።

ሦስተኛው መንገድ

ከቦሌ የሚመጣው በረራ የሚያርፈው ሱቫርናቡሚ ነው። ወደ ቺያንግ ማይ ወይም ወደ ፑኬት የሚቀጥል ሰው ኢንተርኔት ላይ ርካሹን ትኬት ሲመርጥ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከዶን ሙዋንግ የሚነሳ ነው። ትኬቱ ላይ ሁለቱም «ባንኮክ» ይላሉ፤ የሚለዩት በመለያቸው ነው፣ ሱቫርናቡሚ «ቢኬኬ»፣ ዶን ሙዋንግ «ዲኤምኬ»። ይህን ያላስተዋለ ሰው ኢሚግሬሽን ጨርሶ፣ ሻንጣ ወስዶ፣ ከተማውን ዞሮ ሌላ ማረፊያ ይሄዳል። የቀጣይ በረራ ትኬት ለያዘ ነፃ አውቶቡስ አለ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት (05:00) እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። መንገዱ ቢያንስ 1 ሰዓት ነው፣ ማታ ላይ በትራፊክ ከዚያም ይበልጣል። በመውረጃና በመነሻ መካከል ከ6 ሰዓት ያነሰ አታድርጉ። የርካሽ አየር መንገድ ትኬት የሚጫን ሻንጣን አብዛኛውን ጊዜ አያካትትም፤ ከሐዋሳ ይዛችሁት የመጣችሁት 46 ኪሎ እዚያ ካውንተር ላይ ሲመዘን የርካሹን ትኬት ዋጋ እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል።

የእኛ ምክር ለሚቀጥል ሰው ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ አየር መንገድም ታይ ኤርዌይስም ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት ናቸው፤ ታይ ኤርዌይስ የሚነሳውም ከዚያው ከሱቫርናቡሚ ነው። የሐዋሳው ወኪል ቀጣዩን በረራ እዚያው ትኬት ላይ እንዲጨምረው ጠይቁት። ዋጋው ከፍ ቢልም ሻንጣውንና የአውቶቡሱን ሰዓት ስትደምሩበት ልዩነቱ ይጠባል። ዶን ሙዋንግ የሚመቸው በሰሜን በኩል ላለው ነው፤ ለምሳሌ ፓቱም ታኒ ውስጥ ላለው የእስያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ። ከ2021 ጀምሮም ዶን ሙዋንግን ከከተማው የሚያገናኝ ቀዩ የባቡር መስመር አለ።

ባንኮክ ለሚቀር ሰው ከሱቫርናቡሚ ምድር ቤት የሚነሳው የከተማ ባቡር ከ2010 ጀምሮ ይሠራል፤ ዋጋው ከ15 እስከ 45 ባት፣ እስከ መጨረሻው ፓያ ታይ ጣቢያ 30 ደቂቃ ገደማ ነው። ፕራቱናም የልብስ ገበያ የሚሄድ ነጋዴ ፓያ ታይ ሳይደርስ ራቻፕራሮፕ ይውረድ፤ ከዚያ በእግር ይደርሳል። ሱኩምዊት መንገድ ላይ፣ ናና አካባቢ ወዳለው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል የሚሄድ ፓያ ታይ ላይ ወደ ቢቲኤስ ባቡር ቀይሮ አምስተኛው ጣቢያ ናና ላይ ይወርዳል። ሻንጣ የበዛበት ወይም በሽተኛ የያዘ ግን ታክሲ ይያዝ፦ አንደኛ ፎቅ ላይ ከማሽን ቁጥር ይወሰዳል፣ ሜትሩ ከ35 ባት ይጀምራል፣ የማረፊያው ተጨማሪ 50 ባት ነው፣ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ተሳፋሪው ይችላል። ያለ ሜትር ልውሰድህ ከሚል ጋር አትከራከሩ፤ ሌላ ያዙ። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ዶላር ያዙ፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ባለ 100 ኖት። ሻንጣ መረከቢያው አጠገብ ካሉት መንዛሪዎች ይልቅ ባቡሩ ያለበት ምድር ቤት ያሉት የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ።

ወረቀቶቹ

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታው ነው፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተከተቡ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሱቫርናቡሚ ስትደርሱ በቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ አትሂዱ። መጀመሪያ የጤና ቁጥጥር ዴስክ ፈልጉ፣ ካርዱን አሳይታችሁ ፎርሙ ላይ ማህተም አስመቱ፣ ከዚያ ተሰለፉ። ይህን የዘለለ ሰው አንድ ሰዓት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ይመለሳል።

ከግንቦት 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ የታይላንድ ዲጂታል የመግቢያ ካርድ አለ። ከመድረሻው በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም፤ ትክክለኛው አድራሻ በ«ጎ ዶት ቲኤች» (go.th) ያልቃል። ቪዛ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በኢንተርኔት ይጠየቃል። ደንቡ በተደጋጋሚ ስለሚለወጥ ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን አጣሩ፤ ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ስም ላይ ተጠንቀቁ፦ «ፀሐይ»ን ሁለት ሰው በላቲን ሁለት ዓይነት ይጽፈዋል። ትኬቱ፣ ቪዛው፣ የክትባት ካርዱና የመግቢያ ካርዱ ሁሉ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደልና ቅደም ተከተል መጻፍ አለባቸው፤ የአባትና የአያት ስም የተገለባበጠበት ትኬት ካውንተር ላይ ያስቆማል።

ከቤት የሚጫነውም ይታሰብበት። ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽገው ይያዙ። ቋንጣና ቅቤ ግን ያለ ፈቃድ የማይገቡ የእንስሳት ተዋጽኦ ናቸው፣ ይተዉ። ጫት በፍጹም! ውስጡ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ የታይላንድ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ደግሞ ከባድ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም እዚያ ማስገባት ወንጀል ነው። «ይህቺን ዕቃ ለወንድሜ አድርስልኝ» የተባለ የታሸገ ነገር፣ ሰጪው የቱንም ያህል ቅርብ ቢሆን፣ ሳይፈታና ሳይታይ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። የሻኪሶ ኤመራልድ ወይም የወሎ ኦፓል ይዞ ወደ ባንኮክ የከበሩ ድንጋዮች ገበያ የሚሄድ ነጋዴም የወጪ ንግድ ፈቃዱንና የጉምሩክ ሰነዱን በእጁ ይያዝ፤ በኪስ የተያዘ ድንጋይ ቦሌ ላይም ባንኮክ ላይም ያስይዛል።

የምናሳስበው አንድ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። በዚህ መስመር የሚሄዱ ወጣቶች አሉ፤ «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ ትኬቱን እኛ እንችላለን» የተባሉ። ባንኮክ ላይ በመኪና ይቀበሏቸዋል፣ ወደ ምዕራብ ወደ ሜ ሶት ከተማ ይወስዷቸዋል፣ ከዚያ ወንዝ አሻግረው ምያንማር ውስጥ በታጠሩ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ያስገቧቸዋል። በየካቲት 2025 ከእነዚህ ግቢዎች ከወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ የብዙ ሀገር ሰዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በጎብኚ ቪዛ ታይላንድ ውስጥ መሥራት አይፈቀድም። ቀጣሪ ነኝ ባዩ የጎብኚ ቪዛ አውጣ ካለ፣ የመመለሻ ትኬቱ ለታይታ ነው ካለ፣ ወይም ከባንኮክ ወጥቶ ወደ ድንበር የሚሄድ መኪና ካዘጋጀ፣ አትሳፈሩ። ወላጆች፣ ልጃችሁ የሚወርድበትን ሆቴል ስምና ስልክ ሳትይዙ ከሐዋሳ አትሸኙ።

ሲመለሱ

ከባንኮክ የሚመለሰውም በረራ ሰዓቱ በ00 ወይም በ01 ከጀመረ የቀኑ ስህተት እዚያም ይጠብቃችኋል። ዕቃ የገዛ ሰው የታይላንድን 7 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ማስመለስ ይችላል። ምልክቱ ካለበት አንድ ሱቅ በአንድ ቀን ቢያንስ 2,000 ባት ገዝቶ፣ ፓስፖርት አሳይቶ ቅጹን ማስሞላት፣ ዕቃውንም በ60 ቀን ውስጥ ይዞ መውጣት አለበት። ዕቃው ማረፊያው ላይ በጉምሩክ የሚታየው ሻንጣው ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ሻንጣውን አስረክቦ የሚሄድ ሰው የሚያሳየው የለውም። የፕራቱናም ትንንሽ ጅምላ ሻጮች ይህን ቅጽ ብዙ ጊዜ አይሰጡም፣ ዋጋ ስትከራከሩ አትቁጠሩት።

ሲንጋፖር (ቻንጊ)፣ ኩዋላ ላምፑር ወይም ዱባይ ላይ ቀይሮ መመለስ አንዳንዴ ይረክሳል። ለጤነኛና ለብቻው ለሚጓዝ ሰው መጥፎ አይደለም። ከቀዶ ጥገና ለሚመለስ ሰው ግን ተጨማሪ ተርሚናል ማቋረጥ ጭካኔ ነው፤ ቀጥታውን ያዙለት።

ኢትዮጵያ የሚገባው ቦሌ ላይ ስለሆነ ኢሚግሬሽን እዚያ ያልቃል። ባንኮክ ካውንተር ላይ ሻንጣው ለጉምሩክ ቦሌ ይወጣ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከዚያ ሐዋሳ የሚለውን መለያ «ኤደብሊውኤ» ወረቀቱ ላይ ፈልጉ። በመድረሻውና በሐዋሳው በረራ መካከል እዚህም 3 ሰዓት ይኑር፤ የጅምላ ዕቃ ለጫነ ነጋዴ የጉምሩኩ ፍተሻ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል፣ የከሰዓቱን በረራ ያስይዝ።